ከአዋሽ ገደል እስከ ፈርዖኖች መቅደስ፦ የዝንጀሮ ጥርስ ስለ ጥንታዊት ግብፅ ምን ይነግረናል?

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ሰመራ የሚጓዝ ሰው የመተሐራን ጥቁር የላቫ ሜዳ አልፎ ወደ አዋሽ ሰባት ኪሎ ሲቃረብ፣ በመንገዱ ዳር የዝንጀሮ መንጋ ማየቱ የተለመደ ነው። ወንዱ ከትከሻው የሚወርድ አመድማ ጎፈር አለው፤ ፊቱና መቀመጫው ቀላ ያለ ነው። ሴቶቹ ቡናማና በአካል አነስ ያሉ ናቸው። ተሳፋሪው ወይ የሙዝ ልጣጭ ይወረውርላቸዋል፣ ወይ ስለ ሰብል አጥፊነታቸው አንድ ሁለት ቃል ተናግሮ ያልፋል። ይህ እንስሳ በሳይንሳዊ ስሙ ፓፒዮ ሐማድርያስ ይባላል። ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት የዚሁ ዝርያ አባላት በዓባይ ዳርቻ፣ ዛሬ ሉክሶር በሚባለው በጥንታዊው የቴብስ ከተማ፣ እንደ ሰው አስከሬን በመድኃኒት ታሽተውና በተልባ እግር ጨርቅ ተገንዘው በክብር ይቀበሩ ነበር።

የሚያስገርመው መገነዛቸው ብቻ አይደለም። ጥንታውያን ግብፃውያን ድመትን፣ አዞን፣ ጭልፊትንም ገንዘዋል፤ እነዚህ ግን የአገራቸው እንስሳት ናቸው። በፈርዖኖች ዘመን ግብፅ ውስጥ በዱር የሚኖር ዝንጀሮ አልነበረም። ታዲያ ያመልኩት የነበረው ዝንጀሮ ከየት መጣላቸው? ለዚህ ጥያቄ የታሪክ ሊቃውንት ከመቶ ዓመት በላይ ጽሑፍና ሥዕል እየመረመሩ መልስ ሲሹ ቆይተዋል። በቅርብ ዓመታት ግን መልሱን ወደ እኛ አካባቢ እጅግ ያቀረበው የአቶም ፊዚክስ ነው። በዚህ ጽሑፍ መልሱ እንዴት እንደተገኘ፣ ምን ያህል እንደሚታመንና የት ላይ እንደሚቆም ለማየት እንሞክራለን።

ዝንጀሮ በግብፃውያን የዕለት ተዕለት ኑሮ

ቶት የሚባለው አምላክ ለግብፃውያን የጽሕፈት፣ የጥበብ፣ የቁጥርና የጨረቃ ጌታ ነበር። ምስሉ አንዳንድ ጊዜ አይቢስ በምትባለው ረጅም ቀጭን ምንቃር ባላት ወፍ፣ አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጎፈሩን ዘርግቶ በተቀመጠ ዝንጀሮ ይቀርባል። በሙታን ፍርድ ሥዕሎች ላይ የሟቹ ልብ ከእውነት ላባ ጋር ሲመዘን፣ በሚዛኑ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ዝንጀሮ ተቀምጣ ትታያለች። ጸሐፊዎች ከሥራ ገበታቸው አጠገብ የዝንጀሮ ሐውልት ያኖሩ ነበር። የጸሐፊው ሙያ ቀረጥ መመዝገብ፣ እህል መስፈርና ደመወዝ ማስላት ስለነበር፣ ዝንጀሮው በቤተ መቅደስ ብቻ ሳይወሰን ወደ ጽሕፈት ቤትና ወደ ጎተራም የሚገባ ምልክት ነበር ማለት ነው።

ከአምልኮ ውጭም ሥራ አላጣም። በአምስተኛው ሥርወ መንግሥት ዘመን በተሠራው የቴፔማንኽ መቃብር ግድግዳ ላይ የገበያ ትርዒት ተቀርጿል፤ በገመድ የታሰረ ዝንጀሮ የአንድን ሌባ እግር ጨምድዶ ይዟል። በሌሎች መቃብሮች ደግሞ ዛፍ ላይ ወጥተው በለስ የሚያነሡ፣ ጠባቂዎቻቸውን የሚያስቸግሩ ዝንጀሮዎች ተሥለዋል። ሠዓሊዎቹ እንስሳውን በቅርብ የሚያውቁና የሚያስቃቸው እንደነበሩ መስመራቸው ይመሰክራል።

እኛን የፊዚክስ ሰዎችን ይበልጥ የሚስበን ግን የውኃ ሰዓቱ ነው። ከካርናክ የተገኘው የሣልሳዊ አሜንሆቴፕ የውኃ ሰዓት ከአልባስጥሮስ ድንጋይ የተሠራ፣ ከታች ጠባብ ከላይ ሰፊ የሆነ፣ የአበባ መትከያ የሚመስል ዕቃ ነው። ውኃ ከታች ባለች ትንሽ ቀዳዳ ይንጠባጠባል፤ ሰዓቱ የሚነበበው ውኃው በውስጥ ግድግዳው ላይ ካሉት ምልክቶች ከየትኛው ላይ እንደደረሰ በማየት ነው። ከግብፅ በተገኙ በእንዲህ ዓይነት ሰዓቶች ላይ ከቀዳዳው በላይ ዝንጀሮ ተቀምጦ መታየቱ የተለመደ ነው። የዕቃው ቅርጽ ግን ለውበት ብቻ የተመረጠ አይደለም። ከቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ፍጥነት ከላዩ ባለው የውኃ ከፍታ ስኩዌር ሩት መጠን ይለዋወጣል፤ ከፍታው ወደ ሩብ ሲወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ግድግዳው ቀጥ ያለ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ውኃው በመጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ በኋላ ቀስ እያለ ይወርድ ነበር፤ ሰዓታቱም እኩል ባልሆኑ ነበር። ዕቃው ወደ ላይ ሲሰፋ ግን የላይኛው ክፍል ብዙ ውኃ ስለሚይዝ የደረጃው አወራረድ ወደ እኩልነት ይጠጋል። ቶሪቼሊ ሕጉን ከመጻፉ ከሦስት ሺህ ዓመታት በፊት የግብፅ ባለሙያዎች ይህን በልምድ ደርሰውበታል። (አንባቢ ደረጃው ፍጹም እኩል ሆኖ እንዲወርድ የዕቃው ቅርጽ ምን መሆን እንዳለበት ራሱ አስልቶ ቢያየው መልካም ልምምድ ነው፤ መልሱ ቀጥ ያለ ሾጣጣ አይደለም።)

የንጋት ጸሎት ወይስ የሙቀት ሕግ?

በአቡ ሲምበል የሚገኘው የዳግማዊ ራምሴስ ታላቅ ቤተ መቅደስ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያደረገ ነው፤ በግንባሩ አናት ላይ እጃቸውን ወደ ፀሐይ የዘረጉ ዝንጀሮዎች ተደርድረዋል። ግብፃውያን ዝንጀሮ ንጋት ላይ ፀሐይን በጸሎትና በጩኸት ይቀበላል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ እምነት ከየት እንደመጣ ለመረዳት ወደ አዋሽ መመለስ ይጠቅማል።

የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በ1966 እ.ኤ.አ. ከተቋቋመ ወዲህ አካባቢው ለዝንጀሮ ጥናት በዓለም ከታወቁት ሥፍራዎች አንዱ ሆኗል። ከአዋሽ ፏፏቴ በላይ የሚኖረው አኑቢስ የሚባለው ዝርያ ነው፤ ከፏፏቴው በታች ባለው ደረቅ ሸለቆ የሐማድርያስ ግዛት ይጀምራል፤ በመካከል ሁለቱ ተዳቅለው ይኖራሉ። ክሊፎርድ ጆሊና ጄን ፊሊፕስ ኮንሮይ ይህን የዲቃላ ቀጠና ከ1970ዎቹ ጀምሮ ለአሥርተ ዓመታት አጥንተዋል። በፓርኩ ሰሜናዊ ጫፍ በፍልውሃ ደግሞ ላሪሳ ስዌደል ከ1996 ጀምሮ የሐማድርያስን ማኅበራዊ ኑሮ ተከታትለዋል። ከእነዚህ ሁሉ ቀደም ብለው ስዊዘርላንዳዊው ሃንስ ኩመር በ1960ዎቹ ወደ ምሥራቅ ርቀው በኤረር ጎታ ዝነኛ ምርምራቸውን አካሂደዋል። በነገራችን ላይ ሐማድርያስ በግሪክኛ በዛፍ ውስጥ የምትኖር መንፈስ ናት፤ ስም አውጪዎቹ ይህ ዝንጀሮ ትልልቅ ዛፍ በሌለበት አገር በገደል ላይ የሚያድር መሆኑን ያሰቡበት አይመስልም።

ሌሊት ሰማዩ ጥርት ባለበት ደረቅ አገር፣ መሬትም ሆነ የእንስሳ ገላ ሙቀቱን በታሕተ ቀይ ጨረር መልክ ወደ ጠፈር ይለቃል፤ የሚመልሰው ደመና ወይም ብዙ የውኃ ተን የለም። ስለዚህ ቀን የሚያቃጥለው የአዋሽ ሸለቆ በበጋ ንጋት ላይ ይቀዘቅዛል። ዝንጀሮዎቹ ከገደሉ ወርደው ወደ ግጦሽ ከመሠማራታቸው በፊት ቀጥ ብለው ተቀምጠው ደረታቸውን ለፀሐይ ይሰጣሉ። አቀማመጣቸው ከሙቀት አንጻር እጅግ ትክክል ነው። ፀሐይ ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ባለች ጊዜ፣ ጠፍጣፋ መሬት በአንድ ካሬ ሜትር የሚያገኘው ከጨረሩ ኃይል 17 በመቶውን ብቻ ነው፤ ቀጥ ብሎ ወደ ፀሐይ የዞረ ደረት ግን 98 በመቶውን ይቀበላል። ሳይን 10 እና ኮሳይን 10 መሆናቸውን ተማሪው ወዲያው ያስተውላል። የሚጸልይ የመሰለው እንስሳ በእውነቱ እየሞቀ ነው። ይህን የተመለከተ ግብፃዊ አማልክቱን ቢያስታውስ ግን አንፈርድበትም፤ ጎፈራሙን ወንድ በዚያ ሰዓት ያየ ሰው ግርማውን ይመሰክራል።

የፑንት መርከቦች

ግብፃውያን ራሳቸው ዝንጀሮዎቹን ከፑንት እንዳመጡ ጽፈዋል። ፑንት የዕጣን፣ የከርቤ፣ የዞጲ፣ የዝሆን ጥርስና የወርቅ ምንጭ የነበረች፣ የአማልክት ምድር ብለው የሚጠሯት አገር ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ15ኛው ምዕተ ዓመት የነገሠችው ንግሥት ሐትሼፕሱት ወደዚያ አምስት መርከቦች ልካ ነበር፤ የጉዞው ታሪክ በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደሷ ግድግዳ ላይ በዝርዝር ተቀርጿል። በግንድ ላይ የተሠሩ በመሰላል የሚወጣባቸው ጎጆዎች፣ ፓራሁ የተባለው የፑንት አለቃና ሚስቱ አቲ፣ ከነሥራቸው በቅርጫት የተጫኑ የከርቤ ዛፎች፣ በመርከቡ ገመድ ላይ የሚንጠላጠሉ ዝንጀሮዎች ይታያሉ።

መርከቦቹ ሥዕል ብቻ አለመሆናቸውም ተረጋግጧል። ካትሪን ባርድና በአክሱም ቁፋሮም የሚታወቁት ሮዶልፎ ፋቶቪች ከ2001 ጀምሮ በቀይ ባሕር ዳርቻ በመርሳ ጋዋሲስ ባደረጉት ቁፋሮ የመርከብ ሳንቃዎች፣ በዋሻ ውስጥ እንደተጠቀለሉ የቀሩ ገመዶችና የፑንት ስም የተጻፈባቸው የዕንጨት ሣጥኖች አግኝተዋል። እነዚህ የሐትሼፕሱት ሳይሆኑ ከእርሷ ሦስትና አራት መቶ ዓመታት የሚቀድሙ ናቸው። ነገር ግን ፑንት የት ነበረች? ግብፃውያን ካርታ አልተዉልንም። ሱዳንን፣ ኤርትራን፣ ሰሜን ሶማሊያን፣ የመንን የመረጠ ሁሉ የየራሱ ማስረጃ ነበረው።

በድንጋይ ውስጥ ያለ ሰዓት፣ በጥርስ ውስጥ ያለ አድራሻ

ሩቢዲየም 87 የተባለው ኢሶቶፕ ራዲዮአክቲቭ ነው፤ ቤታ ቅንጣት እየለቀቀ ወደ ስትሮንሺየም 87 ይለወጣል። ግማሽ ዕድሜው 49 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው። የኅዋ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት መሆኑን ስናስታውስ፣ ይህ ሰዓት ምን ያህል ዘገምተኛ እንደሆነ ይገባናል። ስትሮንሺየም 86 ግን ከምንም ለውጥ የማይመነጭ፣ መጠኑም የማይለወጥ ነው። ስለዚህ በአንድ ዐለት ውስጥ የስትሮንሺየም 87 ለስትሮንሺየም 86 ጥምርታ በሁለት ነገሮች ይወሰናል፤ በዐለቱ ዕድሜና ዐለቱ በያዘው የሩቢዲየም ብዛት። በጣም ያረጀ ግራናይት ከፍተኛ ጥምርታ ያሳያል። በአፋር ያለው ባዛልት ግን ከማንትል በቅርብ የወጣ በመሆኑ ጥምርታው ዝቅተኛ፣ በ0.704 አካባቢ ነው። የምድር ስንጥቁ አሁንም በሥራ ላይ መሆኑን የአዋሽ ሰባት ኪሎ ነዋሪ በመጽሐፍ መማር አያስፈልገውም፤ ፈንታሌ ተራራ ላቫ ያፈሰሰው በ1820 እ.ኤ.አ. ገደማ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የደረሱት የመሬት መንቀጥቀጦች ብዙ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቅለዋል።

ስትሮንሺየም በኬሚካዊ ጠባዩ ካልሲየምን ይመስላል፤ በፔሪዮዲክ ሠንጠረዥ ላይ ከካልሲየም በታች የተቀመጠው ለዚህ ነው። ዐለቱ ሲፈረፍር ወደ አፈር፣ ከአፈር ወደ ተክል፣ ከተክል ወደ በላተኛው እንስሳ ያልፋል፤ በአጥንትና በጥርስም የካልሲየምን ቦታ ይይዛል። ሁለቱ ኢሶቶፖች በክብደት የሚለያዩት በአንድ በመቶ ብቻ ስለሆነ በዚህ ሁሉ ጉዞ ጥምርታው እምብዛም አይዛባም። የኦክስጅን ኢሶቶፖች እንዲህ አይደሉም፤ ኦክስጅን 18 ከኦክስጅን 16 በስምንተኛ ያህል ስለሚከብድ በትነትና በዝናብ ጊዜ ይለያያሉ፤ ይህም የሚጠጣውን ውኃ ምንጭ ለመለየት ሌላ ምልክት ይሆናል።

የጥርስ ውጫዊ ሽፋን፣ ኤናሜል የሚባለው፣ በልጅነት ከተሠራ በኋላ አይታደስም። አጥንት ግን በዓመታት ውስጥ ይታደሳል፤ ፀጉር ደግሞ የመጨረሻዎቹን ወራት ብቻ ይመዘግባል። በመሆኑም የአንድ እንስሳ ጥርስ የት እንዳደገ፣ አጥንቱ በኋላ የት እንደኖረ፣ ፀጉሩ የት እንደሞተ ሊናገሩ ይችላሉ። መለኪያው ማስ ስፔክትሮሜትር ነው፤ ከናሙናው የወጡት አቶሞች ኤሌክትሪካዊ ሙል ተሰጥቷቸው በማግኔት መስክ ውስጥ ይወረወራሉ፤ ቀላሉ በጠባብ፣ ከባዱ በሰፊ ቅስት ይታጠፋል። ልዩነቱ ያለው በሦስተኛው የአሥርዮሽ ቤት ላይ ሲሆን መሣሪያው እስከ አምስተኛው ድረስ ይለያል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ችግር አለ። የግብፅ ዓባይ ሸለቆ አፈር በአመዛኙ ከኢትዮጵያ ከፍታዎች በጥቁር ዓባይና በአትባራ ታጥቦ የወረደ ነው፤ ከፍታዎቹ ደግሞ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ ባዛልት የተሸፈኑ ናቸው። እንግዲያው የግብፅ ስንዴ ራሱ የኢትዮጵያን ዐለት ምልክት በከፊል ይዟል! ደግነቱ ከግብፅ የኖራ ድንጋይና ከሌሎች አፈሮች ጋር ስለሚደባለቅ ጥምርታው ከፍ ብሎ ከ0.707 እስከ 0.708 አካባቢ ይሆናል፤ ከአፋር ባዛልት ለመለየት ይህ ይበቃል።

ምን ተገኘ?

ናትናኤል ዶሚኒ፣ ሰሊማ ኢክራምና ባልደረቦቻቸው በ2020 ባሳተሙት ጥናት ከ77 ሥፍራዎች የተገኙ 155 ዝንጀሮዎችን ስትሮንሺየምና ኦክስጅን መዝነው ካርታ ሠሩ። ከዚያም የተገነዙ ዝንጀሮዎችን ናሙና ከካርታው ጋር አመሳከሩ። በፕቶሎሚዎች ዘመን አካባቢ የኖሩት አምስቱ አኑቢስ ዝንጀሮዎች በግብፅ ለረጅም ጊዜ የኖሩ ሆነው ተገኙ፤ ይህም በዚያ ዘመን እንስሳቱ በግብፅ ይረቡ እንደነበር ያመለክታል። ከአዲሱ መንግሥት ዘመን የሆኑት፣ ዛሬ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም ያሉት ሁለቱ ሐማድርያስ ግን የውጭ አገር ነበሩ። ምንጫቸው የዛሬዎቹን ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ጅቡቲ አብዛኛውን ክፍል፣ እንዲሁም የሶማሊያንና የየመንን ከፊል የሚሸፍን ክልል ሆነ።

ይህን ውጤት ይዞ ፑንት አዋሽ ነበረች የሚል ተማሪ ቢኖር እናስቆመዋለን። ከሰመራ የተወሰደ የባዛልት አፈርና ከጅቡቲ የተወሰደ የባዛልት አፈር በስትሮንሺየም ዓይን መንትያ ናቸው፤ አቶም ድንበርን አያውቅም። ጥምርታው አንድን ቦታ ለማስወገድ ብርቱ ማስረጃ ነው፤ አንድን መንደር ለመጠቆም ግን ደካማ ነው። በዚያ ላይ ዝንጀሮው የተያዘበትና መርከብ የተሳፈረበት ሥፍራ አንድ ላይሆን ይችላል። ለነገሩ የእኛ አገር ድርሻ በኩራት ብቻ እንዲወሰን አንፈልግም፤ ካርታው የሚጠራው ከየወረዳው በሚሰበሰብ ቅጠል፣ ቀንድ አውጣና አፈር ነው፤ ይህም ለማንኛውም የሥነ ምድር ወይም የፊዚክስ ክፍል ተማሪ የሚደርስ ሥራ ነው።

ካርታውን ያጠበበው ሌላ ዘዴ ነው። ጊዜላ ኮፕና ባልደረቦቻቸው በ2023 ባሳተሙት ጥናት በሉክሶር አቅራቢያ ጋባናት ኤል ቁሩድ ከሚባለው የዝንጀሮዎች መቃብር ከተገኘ አንድ እንስሳ የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. አነበቡ። እንስሳው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ800 እስከ 500 ባለው ጊዜ የኖረ ነው። ቅርብ ዘመዶቹ በዛሬዋ ኤርትራና በአጎራባች አካባቢዎች ያሉ ሐማድርያስ ሆነው ተገኙ። በዚያ ጠረፍ ኋላ የአክሱም ወደብ የሆነችው አዱሊስ ትገኛለች፤ ሮማዊው ፕሊኒም በአንደኛው ምዕተ ዓመት ከአዱሊስ ከሚወጡ ሸቀጦች መካከል የዝንጀሮ ዓይነት ቆጥሯል። በመሆኑም አጥኚዎቹ ፑንትና አዱሊስ በተለያየ ዘመን የአንድ የንግድ ቀጠና ስሞች ሊሆኑ ይችላሉ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል።

የተቀደሰው እንስሳ ኑሮ

ከዚያው መቃብር በ1905 ወጥተው ወደ ፈረንሳይ ሊዮን የተወሰዱትን አጥንቶች ዊም ቫን ኔርና ባልደረቦቻቸው በ2023 መርምረዋል። ቢያንስ የ36 ዝንጀሮዎች አጥንት ነው፤ ሕፃናትም አሉበት፤ ስለዚህ ጥቂቶቹ እዚያው የተወለዱ ሳይሆኑ አይቀርም። የአብዛኞቹ አጥንት በሽታ አለበት፤ የእጅና የእግር አጥንቶች ጎብጠዋል፣ የፊት አጥንቶች አጥረዋል። ምልክቱ የሪኬትስ ነው።

የሪኬትስ መነሻ በአመዛኙ የቫይታሚን ዲ ማነስ ነው። ቫይታሚን ዲ በቆዳ ውስጥ የሚሠራው የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነው የልዕለ ሐምራዊ ጨረር ሲያርፍበት ነው። ይህ ጨረር በላይኛ ግብፅ ሰማይ ሞልቶ ተርፏል፤ በጭቃ ጡብ ግድግዳና በጣሪያ ግን አያልፍም። እንስሳቱ ዘመናቸውን የገፉት ብርሃን በማይገባበት ቅጥር ውስጥ፣ ምናልባትም ለእነርሱ በማይስማማ ምግብ ነበር። አዋሽ ዳር ያለው ዘመዳቸው በየንጋቱ ደረቱን የሚሰጣት ፀሐይ፣ የፀሐይ አምላኪ ተብለው በቤተ መቅደስ ለተቀመጡት አልደረሰቻቸውም። ካህናቱ እንስሳቱን ይመግቡ፣ ሲሞቱም በብዙ ወጪ ይገንዙ ነበር፤ ይጠብቋቸው የነበረው ከሌባና ከማምለጥ ስለነበር ግን ግድግዳው ከፍ ማለት ነበረበት።